መኪና የሚዞርበት ደጃችን

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ድርሰት በቀር ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ እንዳልሳሳት ቀስ ብዬ ልሂድ። የምነግራችሁ በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤታችን ደጅ የሆነውን ነው። ለረጅም ጊዜ ከቤታችን ያልወጣው በፍርሃት ነበር። ዘንድሮ ግን አባቴን አስፈቅጄ «ጻፊው፣ ስማችንን ብቻ ለውጪ» ስላለኝ ጻፍኩት።

ቤታችን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ዳገቱን ሊጀምር ሲል ነው ያለው። ከኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ኬላ ነበር። ከዚያ በላይ መንገዱ አንድ ጎኑ ተራራ፣ አንድ ጎኑ ገደል ስለሆነ ትልቅ መኪና ሊዞርበት አይችልም። በኬላው «ተመለስ» የተባለ ሾፌር ሁሉ የኋሊት እየተንፏቀቀ ይወርድና እኛ ደጅ ገብቶ ይዞራል። ደጃችን ሰፊና ሜዳ ነው፤ አባቴ ማሽላ የሚወቃበት አውድማ ነውና።

ማንም አስፈቅዶ አይገባም። አንዳንዱ ሾፌር «ሰላም ዋላችሁ» ይላል። አንዳንዱ ጥሩንባውን ነፍቶ «ዶሮዎቹን ሰብስቡ እንጂ!» ብሎ ይቆጣል፤ በገዛ ደጃችን። አቧራው ገበታችን ላይ ያርፋል። አባቴ አጥር ያጥራል፣ በሳምንቱ የአንዱ መኪና ጭራ ይጥለዋል፣ አባቴ ተነሥቶ ደግሞ ያጥራል።

«ቤታችን መናኸሪያ ሆነ፤ ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው የቀረን» ትል ነበር እናቴ።

አባቴ አይስቅም። «እኔ አጥራለሁ፣ እነሱ ያፈርሳሉ። ማን ቀድሞ እንደሚሰለች እናያለን» ይላል። ድምፁን ስትሰሙት ግን ቀድሞ የሰለቸው እሱ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ያኔ እኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ከአክስቴ ዘንድ ሆኜ አስራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። የታዘዝኩትን የምሠራ፣ አስተማሪ ሲናገር የማልጠይቅ ልጅ ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ የሚወርድ መኪና ካገኘሁ ወደ ቤት እሄድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ትምህርቱን አቋርጦ ከአባቴ ጋር ያርስ ነበር። ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ ስለሆነ በዚያ ዓመት እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ መውጫ መግቢያ አጣ። ገበያ ቢሄድ አፈሳ፣ ሰርግ ቢሄድ አፈሳ። ቢስቲማ ካለው አጎታችን ዘንድ ላኩት፤ እዚያም ባሰበት። በተራራ በተራራ ተመልሶ መጣ።

አባቴ የቀረችውን ዘዴ ዘየደ። በኛ ቀዬ ማሽላ የሚቀመጠው በመሬት ጉድጓድ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። የኛ ጉድጓድ በአውድማው ዳር ነበር። በዚያ ዓመት ባዶ ስለነበረ አናፈሱት፣ አጸዱት። በአፉ ላይ እንጨት አጋድመው፣ አየር እንዲያልፍ ድንጋይ ሳሳ አድርገው ከመሩበት። ሰይድ ሌላ ጊዜ ቤት ውስጥ ይሆንና የወታደር መኪና ድምፅ ሲሰማ እዚያ ይወርዳል። ሰው ቢረግጠው፣ በሬ ቢያልፍበት ጉድጓዱ ይችላል። መኪና ከወጣበት ግን ጣራው ተደርምሶ ከታች ያለውን ይቀብረዋል። መኪኖቹ ብዙውን ጊዜ በቤቱ በኩል ይዞሩ ስለነበር እዚያኛው ዳር አይደርሱም ብለን ነበር።

በዚያ ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ተመልሶ ምሳ ቀርበን ነበር። እናቴ እጇን ከገበታው ላይ አነሣች።

«ኡራል ነው» አለች።

የኡራልን፣ የወታደሩን ትልቅ የጭነት መኪና፣ ድምፅ ከሩቅ ትለየው ነበር። ሰይድ ጉርሻውን ሳይውጥ ሮጠ። አባቴ እንጨቱንና ድንጋዩን መልሶለት ሲመለስ መኪናው በደጃችን አልፎ ወደ ዳገቱ ወጣ። ከኋላው ልጆች ታጭቀው ቆመዋል። የታፈሱ ነበሩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» አልኩ።

«ዳገቱን እስኪጨርስ እዚያው ይቆይ» አለ አባቴ።

ምሳችንን አልቀጠልንም። ብዙም ሳይቆይ ያው ድምፅ ተመለሰ። በኬላው ምን ትእዛዝ እንደጠበቃቸው አላውቅም፤ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሱ ተብለው ይሆናል። ኡራሉ የኋሊት እየወረደ መጣና ጭራውን ወደ ደጃችን አስገባ። አንድ ሃምሳ አለቃ ከጋቢናው ወርዶ በእጁ ያመላክት ጀመር።

«ና! ና! መሪውን ስበረው! ሙሉ ስበረው!»

መኪናው ረጅም ስለሆነ በቤቱ በኩል ያለው ቦታ አልበቃውም። ሾፌሩ ወደፊት መለሰው፣ እንደገና ወደኋላ አመጣው። በዚህኛው ጊዜ ጭራው ወደ ድንጋዩ ክምር ነበር።

አባቴ ወጣ። «ወንድሞቼ፣ በዚህ በኩል ይሻላችኋል» አለ በለሆሳስ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ዶሮህን ሰብስብ!» አለው ሃምሳ አለቃው።

«አይ፣ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው። በአጥሩ በኩል…»

«ሽማግሌ፣ ዞር በል! ና! ና! ቦታ አለህ ገና!»

እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆመን ነበር። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ይሰማኛል። ከክምሩ ላይ አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። እናቴ ክንዴን ጨብጣ ነበር፤ ጥፍሯ ሲገባ እንኳ አላወቀችም። የኋላው ጎማ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አባቴ ሮጦ በመኪናውና በክምሩ መሃል ገባና ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«በሕግ አምላክ! አቁም! በሕግ አምላክ!»

መኪናው ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሃምሳ አለቃው ወደ ጋቢናው ዞረ። «ምን ሆነህ ነው የቆምከው? ንዳው!»

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ጠይም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር፤ አንገቱ ላይ ክር አስሯል። «ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ በሕግ አምላክ ተብዬ እንዴት ልንዳ?»

«የምን አምላክ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ፖለቲካ ተምረህ ዛሬም በሕግ አምላክ?»

«ፖለቲካውን ተምሬያለሁ ጓድ። ይሄን ግን ያስተማረችኝ እናቴ ናት።»

ከመኪናው ላይ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። የሃምሳ አለቃው ፊት ግን ጠቆረ። ወደ አባቴ ተጠጋ።

«ምንድነው እዚህ ያለው?»

አባቴ ድንጋዩን አየ። ከዚያ እኛን አየ። የተከመረው ድንጋይ፣ ርዝመቱ፣ ከዳር መሆኑ… መልሱን ያገኘው ከድንጋዩ ይመስለኛል።

«መቃብር ነው» አለ።

«የማን?»

«የልጄ።»

አባቴ ሲዋሽ በዕድሜዬ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሾፌሩ ወዲያው ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር፣ አባቴ። አላየሁትም፤ ምልክት የለውም እኮ» አለ።

ሃምሳ አለቃው ግን ክምሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «እስላም በደጁ ይቀብራል እንዴ? የመቃብር ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«እናቱ ናት» አለ አባቴ። «ከደጄ አይራቅብኝ ብላ።»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ክንዴን ለቀቀችና ሄደች። ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ መዳፏን በክምሩ ላይ አሳረፈችና «ልጄ» አለች። ደግማ «ልጄ» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶው ማስመሰል አልነበረም። መቼም የልጇ ጣራ በመዳፏ ስር ነበር።

ሃምሳ አለቃው ትንሽ አያትና ወደ አባቴ ተመለሰ።

«በምን ሞተ?»

«በንዳድ።»

«ወላሂ በላ!»

አባቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በሬ ሲሸጥ ገዢው «ወላሂ ጤነኛ ነው በል» ቢለው «በሬው ራሱ ይማልልህ፤ አስነሣና እየው» ብሎ ይመልሳል እንጂ አይምልም። በአላህ ስም እውነቱን እንኳ ለመማል ይፈራል። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ አልወጣም። ሃምሳ አለቃው ፈገግ አለ።

«እንዴት ነው? ወላሂ ማለት ጠፋህ?»

ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብሎ ከክምሩ አንዱን ድንጋይ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ! እኔ አውቃለሁ!»

ድምፁ የመጣው ከመኪናው ላይ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ሁሴን ነው። ሁሴን ከኛ በታች ካለው ጎጥ የእትዬ ፋጡማ አንድ ልጅ፣ የሰይድ ጓደኛ። መታፈሱን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጉድጓዱን ከሰይድ ጋር ያጸዳው ሁሴን ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ «የተደበቀ ያጋለጠ ይለቀቃል» የሚል ወሬ በየገበያው ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እሱ ግን ወሬውን ሰምቷል፤ ሁላችንም ሰምተናል።

«ምን ታውቃለህ?» አለው ሃምሳ አለቃው።

«የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። ሰይድ ጓደኛዬ ነበር። በንዳድ ሞተ። ይህን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!» አለ ሁሴን።

ጮክ ብሎ፣ ሳይንተባተብ ነው ያለው። እኔ ግን ከታች ቆሜ ስለነበር በመኪናው ሳንቃ ክፍተት እግሩ ይታየኛል። ጉልበቱ እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «ጓዶች፣ ፋቲሃ እንቅራለት» አለ። እስላም የሆኑት ልጆች እጃቸውን ዘረጉ፣ ክርስቲያኖቹ ቆብ ያለው ቆቡን አወለቀ፣ ሾፌሩ አማተበ። በሕይወት ላለው ወንድሜ ፋቲሃ ተቀራለት። «አሚን» ሲሉ አባቴ ብቻ እጁን ሳይዘረጋ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሃምሳ አለቃው የዘረጋውን እጅ ሰብስቦ ቀና አለ። አምኖ ይሁን ደክሞት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቱ አቧራ ለብሶ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከንጋት ጀምሮ ሰው ሲያባርር የዋለ ሰው ዓይን።

«በአጥሩ በኩል አዙረው» አለ ሾፌሩን።

ኡራሉ አጥራችንን ጥሎ፣ የእናቴን የጎመን መደብ ረግጦ፣ ወደፊት ወደኋላ እያለ ዞረ። ሾፌሩ በመስኮት «አባቴ፣ አጥርዎን ጣልኩት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ጣለው ልጄ» አለ አባቴ። «ሁሉንም ጣለው።»

መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ሁሴን አየኝ። «ዘይነብ! ለእናቴ ንገሪያት!» አለ።

«ምን ልበላት?»

ሞተሩ ጮኸ። «ደህና ነው በያት!»

ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቅን። አባቴና እኔ ድንጋዩን አነሣን። ሰይድ ወዲያው አልወጣም። አፈር ከጣራው ተራግፎ ጸጉሩና ቅንድቡ ቀይ ሆኗል። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አየን።

«ሁሴን ነው?» አለ።

«ውጣ» አለ አባቴ።

«የሁሴን ድምፅ ነው እኮ የሰማሁት።»

«ውጣ አልኩህ ልጄ።»

ወጣ። አባቴ ፊቱን ሊያየው አልቻለም። ጀርባውን ሰጥቶት «በቁምህ ገደልኩህ። ሞተ ብያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር መታየት የለብህም» አለው። በማግስቱ ሰይድ ከአንድ የአፋር ግመል ነጂ ጋር ወደ ቆላ ወረደ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ አላየነውም።

እኔ ያን ዕለት ጸሐይ ሳትጠልቅ እትዬ ፋጡማ ዘንድ ሄድኩ። የመታፈሱ ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። «ሁሴንን በመንገድ አየሁት፣ ደህና ነው በያት ብሎኛል» አልኳት። ሌላውን መናገር አልተፈቀደልኝም። እጄን ስማ «አላህ ያክብርሽ፤ ቢያንስ አንቺ አይተሽዋል» አለችኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ይጾም ጀመር። እናቴ «ረመዳን ያለፈ አይደለም ወይ?» ስትለው «የምጾመው የኔን አይደለም። ያ ልጅ የኔን የሐሰት መሐላ በአንገቱ ወስዶልኛል፤ ባለበት ቦታ ጾሞ መክፈል ካልቻለስ?» አለ። አጥሩንም አላነሣውም። መኪኖች እንደ ፈለጉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሲገቡ ግን ሾፌሮቹ ከክምሩ ይርቃሉ፤ ያ ሾፌር ይሁን ሌላ ሰው ነግሯቸው «እዚያ መቃብር አለ» ይባባላሉ። አንዳንዱ በመስኮት «ነፍስ ይማር» ብሎን ያልፋል። እናቴ «አሚን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብኝ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። በፊት ደጃችን የሚዞሩትን ሰዎች ሁሉ አንድ አድርጌ እጠላቸው ነበር፤ አቧራና ጥሩንባ ብቻ ነበሩ ለኔ። አሁን መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፊት ነው። ያን ዕለት ወንድሜን ያተረፉት እኛ አይደለንም። አንድ ስሙን የማላውቀው ሾፌር በአንድ ቃል ቆመ፤ አንድ የታፈሰ ልጅ ራሱን ማስፈታት ሲችል ሌላውን ሸፈነ። እናንተ በዚያ መኪና ላይ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያስፈራኛል፤ ስለዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ እንደ ድሮው አልቸኩልም። ከዚህ በላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር በደንብ መጻፍ አልቻልኩም።

መንግሥት ሲለወጥ ሰይድ ተመለሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ። ሁሴን አልተመለሰም። ሞተም ያለ የለም፤ አየሁትም ያለ የለም። ከሰሜን የሚመጡ መኪኖች ከጦሩ የተመለሱ ልጆችን እያወረዱ እኛ ደጅ ይዞራሉ። ኬላው ቢነሣም ሾፌሮቹ ቦታውን ለምደውታል።

አባቴ ሁሉንም ነገር ለእትዬ ፋጡማ ነገራት። ሽማግሌ ልኮ አልነበረም፤ ራሱ ሄዶ፣ ደጇ ቆሞ ነው። አልተቆጣችም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን እየመጣች ደጃችን ትቀመጣለች። መኪና ሲገባ ትነሣለች፣ የሚወርዱትን አንድ በአንድ ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ጎረቤቶች አባቴን «እንግዲህ ሰላም ነው፤ በድንጋይ ካብ አጥረህ አትገላገልም?» ሲሉት «አጥሬ መኪናው የት ይቁም? መኪናው ካልቆመ ሴትዮዋ ምን ትይ?» ይላቸዋል።

ባለፈው ለእረፍት ስሄድ ሰይድ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ውሃ ይዤላቸው ወጣሁ።

«እስቲ ንገረኝ ልጄ» አለችው። «አንተ ከታች ሆነህ ሰምተኸዋል አይደል?»

«ሰምቼዋለሁ፣ እትዬ ፋጡማ።»

«ድምፁ እንዴት ነበር? ፈርቶ ነበር?»

«ኧረ አልፈራም። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።»

«አልፈራም?»

«ወላሂ አልፈራም።»

እትዬ ፋጡማ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ ዘይነብ? አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል።»

የሰይድ ጆሮ የሰማውን እኔም ሰምቻለሁ። ጉልበቱን ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ውሃውን አቀበልኳት።

«አልፈራም፣ እትዬ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ውሃውን ገና ከአፏ ሳታደርሰው ከዳገቱ የሚወርድ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ኩባያውን መልሳልኝ ተነሣች።